ተማሪው፣ ካሴቱና ሰዓት እላፊው

የተማሪ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ በመፈክር ይጀምርና በመቃብር ያበቃል። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ የወጣውን ወጣት እናውቀዋለን። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ጥላሁን ግዛው በጥይት መመታቱን፣ በማግሥቱም ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አስከሬኑን ከብበው በሚያለቅሱ ጓደኞቹ ላይ ተኩስ መከፈቱን እናውቃለን። የእድገት በኅብረት ዘመቻን፣ ኢሕአፓንና መኢሶንን፣ ቀይ ሽብርንም ከመጻሕፍት አንብበናል፤ ከቀመሱትም አፍ ሰምተናል። ገናም ብዙ ይጻፋል።

ግን ያ ወጣት ሲመሽ ወዴት ይሄድ ነበር? ሰልፉ ተበትኖ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ምን ያዳምጥ ነበር? የሚወዳትን ልጅ የት ይቀጥራት ነበር? ደብዳቤዋን በምን ወረቀት ይጽፍላት፣ በማን እጅ ይልክላት ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የታሪክ ጸሐፊዎቻችን እንደ ተራ ነገር አልፈዋቸዋል። ተራ ነገር ግን አይደሉም። ሰው ሃያ ዓመቱን የሚኖረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዚያ ዕድሜ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሚያልፈው በሰልፍ ሳይሆን በዘፈን፣ በፍቅርና «አዲስ ዕቃ ገባ» ሲባል በመንሰፍሰፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ሌላውን ታሪክ ጫፍ ለመያዝ ይሞክራል። ቦታው ካዛንቺስና ቂርቆስ ነው። የታሪኩ ዋና ባለ ጉዳይ ደግሞ ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው፤ ካሴት።

ጣሊያን ሰይሞት የሄደ ሠፈር

«ካዛንቺስ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የሠፈሩ ተወላጆችም ሳይቀሩ ሲጠየቁ የሚያመነቱበት ነው። «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው፤ ሲበዛ «ካዜ» ይባላል። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ስም ነበር። በወረራው ዘመን ለሹማምንቶቻቸውና ለጸሐፊዎቻቸው ቤት የሠሩበት ቦታ ስለሆነ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው በአዲስ አበቤ አፍ «ካዛንቺስ» ሆኑ። «ካዛ ፖፖላሬ»ም እንዲሁ የዚያው ዘመን ቅሪት ነው። ባለቤቶቹ በ1933 ዓ.ም. ተባረሩ፤ ስሙና ቤቶቹ ግን ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ በሠፈሩ ዙሪያ የተተከለው ሁሉ ትልልቅ ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ አፈወርቅ ተክሌ በቀለም መስታወት ሥራው ያስጌጠው ይህ አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ከፍ ብሎ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አለ። ግዮን ሆቴል እዚያው ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሒልተን ተከፈተ። ወረድ ሲሉ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የተኮለኮለው የጭቃ ቤት መንደር ይመጣል።

እንግዲህ የዚህን ሠፈር ተማሪ አስቡት። ጠዋት ከጭቃ ቤቱ ይወጣና ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ ይኳትናል። ወይም ቁልቁል ወደ ሰንጋ ተራ፣ በ1935 ዓ.ም. ወደተቋቋመውና በኋላ ኮሌጅ ወደሆነው ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይወርዳል። በመንገዱ ላይ የአፍሪካ መሪዎች መኪና ያልፈዋል። ማታ ሲመለስ የሒልተን መብራት ይታየዋል። የዓለም ትልልቅ ሰዎች ከሚያድሩበት ቦታ የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ የኪሱ ነገር ሲታሰብ ግን ባሕር ነው። በአጥሩ ውስጥ የሚዘፈነው ዘፈን ለእሱ በምን መንገድ ይደርሰዋል? የሙዚቃችን የአርባ ዓመት ታሪክ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብል አላጋንንም።

ሸክላ የደፈረው ወጣት

ከካሴት በፊት ሸክላ ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተምን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶት ነበር። የአገሪቱ ታላላቅ ባንዶች ደግሞ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ፤ ማለትም ሁሉም የመንግሥት። ድምፃዊው ደመወዝተኛ፣ አንዳንዱም ወታደር ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ጊዜ የክቡር ዘበኛው ጥላሁን ገሠሠ መታሰሩም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በሌላ በኩል የውጭው ሙዚቃ እንደ ጎርፍ ይገባ ነበር። ከመስከረም 1955 ዓ.ም. ጀምሮ የፒስ ኮር አስተማሪዎች ከነሸክላቸው መጡ። ትራንዚስተር ሬዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ያዘ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ተጀመረ። የኮሌጁ ልጅ ፀጉሩን አጎፈረ፤ ሱሪው ከታች ሰፋ፤ ጄምስ ብራውንና ኤልቪስ ፕሪስሊ ቤተኛ ሆኑ።

ታዲያ ይህ ወጣት የራሱን ድምፃውያን በሸክላ የሚያገኝበትን መንገድ የከፈተለት አምሓ እሸቴ ነው። አምሓ በ1969 እ.ኤ.አ. ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ፣ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሆኖ፣ ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። የፈራው ነገር አልደረሰበትም፤ ሸክላው ተሸጠ። ከዚያ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን፣ አንድ ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ። ከለንደንና ከቦስተን ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝ ያለውን ሥራውን ከአምሓ ጋር አሳተመ። አሊ ታንጎ በሚል ስም ይበልጥ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ተከተለ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያወጣው እሱ ነው።

ልብ በሉ፤ አምሓ የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣበት ዓመት፣ ሒልተን የተከፈተበት ዓመትና ጥላሁን ግዛው የተገደለበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ ነው፤ 1969። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ትውልድ ላይ ሦስቱም ሆኑ። የታሪክ መጻሕፍታችን ግን አንዱን ብቻ መዝግበው ሁለቱን ለጨዋታ ትተውታል።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም.

ጨዋታና ፖለቲካ ግን ተለያይተው አያውቁም። ለዚህ አንድ ቀን ምስክር ይሁን። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ራስ መኰንን አዳራሽ፣ ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበት የፋሽን ትርኢት ተሰናድቶ ነበር። የተማሪው እንቅስቃሴ ወንዶች «ይህ የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው፤ ገበሬው ራቁቱን እየሄደ ሚኒ ስከርት ምን ያደርጋል» በሚል ስሜት ተሰብስበው ወጡ። እንቁላል ተወረወረ። ለመታደም የመጡ ሴቶች ተዋከቡ፤ ተሰደቡ። ፖሊስ ገባ፤ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

በዚያ ቀን ማን ልክ ነበር ብሎ መፍረድ ዛሬ ቀላል ይመስላል። የረሃብተኛ አገር ልጆች መሆናቸውን ያልዘነጉት ተማሪዎች ቁጭታቸው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ያ ቁጭት ያረፈው በማን ላይ ነው? በባላባቱ ላይ አይደለም፤ በሚኒስትሩ ላይም አይደለም። በክፍል ጓደኞቻቸው ልብስ ላይ ነው። ወንዱ ተማሪ ሱሪውን አስፍቶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ በጄምስ ብራውን እየጨፈረ ሴቷን «ባህልሽን ጠብቂ» አላት። በጊዜው በቁጥር እጅግ ጥቂት የነበሩት ሴት ተማሪዎች ያን ዕለት የተማሩት ትምህርት በማንኛውም የትምህርት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

ይህን የማነሣው ያንን ትውልድ ለመክሰስ አይደለም። የፍቅርና የሙዚቃ ታሪክ ካልተጻፈ የፖለቲካውም ታሪክ ጎደሎ እንደሚሆን ለማሳየት ነው። የአንድ ትውልድ ወንድ ሴትን እንዴት ያይ እንደነበር ከመፈክሩ አይገኝም፤ ከጭፈራ ቤቱ፣ ከደብዳቤው፣ ከእንቁላል ውርወራው ይገኛል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን ሲያሳትም አንባቢ የተሻማበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል፤ የተማረው አዲስ አበቤ በመጽሐፍ ውስጥ ሲያፈቅር፣ ሲጠጣ፣ ሲያመነታ ራሱን አየ።

ሌሊቱን ያስረዘመው ሰዓት እላፊ

ከዚያ 1966 መጣ። አብዮቱ ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በ1975 እ.ኤ.አ. አምሓ እሸቴ ወደ አሜሪካ ሄደ። የሸክላ ኅትመት እየከሳ ሄዶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ አበቃ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ቀይ ሽብር በየሠፈሩ ገባ፤ ቂርቆስም ካዛንቺስም ልጆቻቸውን ገበሩ። ማታ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ወጣት ጠዋት አልተገኘም።

ሰዓት እላፊ የታወጀውም አብዮቱን ተከትሎ ነው። ሰዓቱ እንደ ጊዜው ሁኔታ ይጥበቅ ይላላ እንጂ በደርግ ዘመን ሁሉ አዲስ አበቤ ሌሊቱን በገዛ መንገዱ ላይ መቆም አይችልም ነበር። ይህ አዋጅ የሌሊቱን ሕይወት ይገድለዋል ተብሎ ተጠብቆ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሌሊቱ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል እዚያው ያድራል። እንግዳው ከቆየ ባንዱም ይቆያል። ስለዚህ ሙዚቀኞች ከምሽት እስከ ንጋት ይጫወቱ ጀመር። ሒልተን ላይ ዋልያስ ባንድ፣ ራስ ሆቴል ላይ አይቤክስ፣ ግዮን ላይ ዳህላክ ሌሊቱን ያነጉት ነበር። ሰው ሁሉ ዘፈኑን ሰምቶ ሲጨርስ፣ ድምፃዊውም ሲደክመው፣ ኦርጋንና ሳክስፎን ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ሰዓት ይመጣል። እነ ኃይሉ መርጊያ የሚታወቁበት ያ ዝግ ያለ፣ እንቅልፍና ንቃት መካከል የቆመ የመሣሪያ ሙዚቃ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት የተሠራ ይመስላል። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዋልያስ «ቸበለው» ሸክላ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

የካዛንቺሱ ተማሪ ግን እዚያ አልነበረም። ገንዘቡም ዕድሉም አልነበረውም። እሱ ቤቱ ነው፤ በሩ ተቀርቅሯል፤ ውጪ የዘበኛ ፊሽካ ይሰማል። ታዲያ ይህንን ተማሪ ከዚያ ባንድ ጋር ያገናኘው ካሴት ነው።

ካሴትን ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለዓለም አሳየው። ሲጀመር ለድምፅ ማስታወሻ እንጂ ለሙዚቃ የታሰበ አልነበረም። ክሩ ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተጠቀለለ ይሄዳል። ከሸክላ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን መጠኑ አይደለም። ሸክላ የሚያዳምጡት ብቻ ነው፤ ካሴት ግን የሚቀዱበትም ነው። ሸክላ ለማሳተም ሕንድ ወይም ሊባኖስ መላክ ያስፈልግ ነበር፤ ካሴት ለመቅዳት ሁለት ቴፕና አንድ ሽቦ ይበቃል። የማተሚያ ቤቱ ሥልጣን ወደ ተማሪው አልጋ ሥር ገባ።

ዕቃው የራሱ ሙያ ነበረው። ክሩ ሲላላ ባለ ስድስት ጎን እስኪርቢቶ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካና ይጠነጠናል፤ ባትሪ ለመቆጠብም ይኸው ነው መላው። ቴፑ ክሩን ሲበላ በጥንቃቄ ይፈታል፤ ከተበጠሰ በማጣበቂያ ይቀጠላል፤ በቀጠሉበት ቦታ ዘፈኑ አንዲት ቃል ይዘላል፤ ባለቤቱም ከዚያ ወዲያ ዘፈኑን ሲያንጎራጉር ያቺን ቃል እየዘለለ ነው። ድምፁ ሲደፈን ሄዱ በአልኮልና በጥጥ ይጠረጋል። ካሴቱ እንዳይጠፋ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች፤ ሐሳብ ሲለወጥ ደግሞ ቀዳዳው በፕላስተር ይደፈንና እንደገና ይቀዳበታል። እንዲህ ያለውን ጥበብ የሚያውቅ ልጅ በሠፈሩ ትልቅ ሰው ነበር። ቴፕ ያለው ቤት በር ላይ ጓደኛ አይጠፋም።

ፍቅርም በዚሁ መንገድ አለፈ። ተማሪው ለሚወዳት ልጅ ዘፈኖች መርጦ ይቀዳላታል። የትኛው ዘፈን ከየትኛው ይቀድማል? የማሕሙድ ይሻላል የጥላሁን? በትዝታ ይጀመር ወይስ በትዝታ ይለቅ? ይህ ሁሉ እንደ ፈተና ይጠናል። ደብዳቤ ቢጽፍ አባቷ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ካሴቱ ግን ካሴት ነው፤ «ከጓደኛዬ ተውሼ ነው» ይባልበታል። ያልተናገረውን ዘፋኙ ይናገርለታል። በጽሕፈት መኪና መጻፍ ማንም አላሰበም፤ የአማርኛው ታይፕ የፊደሉን እግርና እጅ ለየብቻ እየለጠፈ ስለሚጽፍ የፍቅር ደብዳቤን የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ያስመስለዋል። ዘመኑ የሳንሱርም ዘመን ነበር። ግጥም ሳይታይ አይወጣም። የፍቅር ዘፈን ግን ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ያልፋል፤ ሰሙን ሳንሱር ያሳልፈዋል፤ ወርቁን አድማጩ በበኩሉ ያወጣዋል። «ናፍቆኛል» የተባለው ማን ነው? የተሰደደው ወንድም? የጠፋችው ጓደኛ? ካሴቱ አይመልስም፤ አድማጩ ግን ያውቃል።

ሬዲዮውም ድርሻ ነበረው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገዝቶ የማንበብ አቅም የሌለው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ጎረቤቱ አደረጋቸው። ያንንም በካሴት የቀዳ ብዙ ነው።

መስረቅ ወይስ ማዳን?

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንምጣ። ተማሪው በቀዳ ቁጥር ከሙዚቀኛው ጉሮሮ ይነጥቅ ነበር። አንድ ካሴት ተገዝቶ አሥር ቤት ይገባል። ከአሥሩ ዘጠኙ ለዘፋኙ ሳንቲም አያስገኙም። ተማሪው ለፍቅር ብሎ ያደረገውን ሌላው ለንግድ አደረገው። ሮሃ ባንድን የመሳሰሉ ባንዶች በመቶ በሚቆጠሩ ካሴቶች ላይ ተጫውተዋል፤ አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ባለጠጋ ግን አላደረጋቸውም። የቅጂ መብት አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። የካሴት ዘመን ሊያበቃ ሲል ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት የተከለከሉ ዘፈኖች በቴፕ ክር እየተቀዱ ከቤት ቤት ዞረዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. የኢራንን አብዮት የአያቶላህ ኾሜይኒ የካሴት ስብከት አግዞታል። ካሴት በዓለም ሁሉ ለድሃውና ለተከለከለው የተሠራ ማተሚያ ቤት ነበር።

ስለዚህ ፍርዱ ቀላል አይደለም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ባንድ ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ቀዳ። የአያቶቻችንን ዜማ በአዲሱ መሣሪያ የተጫወተበት ሥራ ነው። ካሴቱ አገር ቤት ደረሰ፤ ተሸጠ፤ ተቀዳ፤ ከዚያም ተረሳ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ተሳፋሪ ሲያጣ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘና በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በስተርጅና ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ ሥራ አወጣ።

ያ ካሴት ባሕር ዳር ላይ ባይተርፍ ኖሮ? የማስተሩ ቅጂ ሳይሆን የተራው ሰው ቅጂ ነው ታሪክን ያቆየው። ያ የዘረፈው እጅ ያዳነውም እጅ ነው። ሙዚቀኞቻችን ካሣ ይገባቸው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። አልጋው ሥር ካሴት ያኖረው ተማሪ ባይኖር ኖሮ ካሣ የሚጠየቅበትም ሥራ አይኖርም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ የሸክላ ዘመን ሙዚቃችንን በተከታታይ ሲያሳትም ዓለም ተደነቀ። ግን ያንን ሙዚቃ የካዛንቺስ ልጅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሸሚዙን ሲተኩስ ያዳምጠው ነበር።

ከአዳራሹ የወጣው ደብዳቤ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሰዓት እላፊውም ተከትሎት ሄደ። ካዛንቺስ ሌሊቱን መልሶ አገኘ። የአዝማሪ ቤቶች በየመንገዱ ዳር በሩን ከፈቱ፤ ማሲንቆው ወጣ፤ «ተቀበል» ተባለ። ከእነዚህ አንዱ ፈንድቃ ነው። መላኩ በላይ በወጣትነቱ እስክስታ እየመታ በጉርሻ የኖረበትን ይህንን ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ተረክቦ በኋላ የባህል ማዕከል አደረገው። የአዝማሪ ዘፈንና ጃዝ፣ ሥዕልና ግጥም በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ።

በእነዚያው ዓመታት እዚያው ሠፈር ውስጥ ሌላ ነገር ተወለደ። የኢኮኖሚክ ኮሚሽን ለአፍሪካ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኮምፒውተርና በስልክ መስመር ደብዳቤ የሚላላክበትን ዘዴ ዘርግቶ ነበር። አሠራሩ የፖስታ ቤት ዓይነት ነው። የየሰው መልእክት በአንድ ኮምፒውተር ይጠራቀማል፤ በተወሰነ ሰዓት ወደ ለንደን ይደወላል፤ የተጠራቀመው ይራገፋል፤ የመጣው ይጫናል። ይህን ማግኘት የቻሉት በአብዛኛው የድርጅት ሠራተኞች፣ ተመራማሪዎችና መምህራን ነበሩ። ግን በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ታሪክ ሲነገር ጅማሬው ከአፍሪካ አዳራሽ አጥር ውስጥ፣ ከካዛንቺስ አፍንጫ ሥር ነው።

ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ሞባይል በ1991 ተከተለ። የኮሌጁ ልጅ አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ካፌ ደጃፍ ተሰለፈ። አያቱ በሸክላ፣ አባቱ በካሴት የተንሰፈሰፉለትን እሱ በስልክ መስመር ጩኸት ጀመረው። የሚገርመው ግን የፍቅር ደብዳቤው እንደገና ተቸገረ። ታይፑ ፊደላችንን ሰባብሮ ይጽፍ እንደነበረው ሁሉ ኮምፒውተሩም መጀመሪያ ፊደላችንን አላወቀም። ልጁ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ «ናፈቅሽኝ» አለ፤ እሷም ሁለት ጊዜ አንብባ ገባት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየስልካችን ላይ በገዛ ፊደላችን «ናፈቅሽኝ» ስንጽፍ ይህ ሁሉ መንገድ እንደተሄደ ልብ የሚል የለም።

ቤቱ ሲፈርስ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ተዛወረ፤ የሠፈሩ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ የፈንድቃም ቤት አብሮ ፈረሰ። ስለ ልማቱ እዚህ ክርክር አልከፍትም፤ የጭቃ ቤት ኑሮ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ሠፈር መነቀል ምን እንደሆነም የተነቀለ ያውቀዋል። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ቤቱን ለቅቆ ሲወጣ በሁለት ቀን ውስጥ የሚመርጠውና የሚጥለው አለ። አልጋው ይጫናል፤ ድስቱ ይጫናል፤ ቴሌቪዥኑ ይጫናል። አልጋው ሥር ያለው የካሴት ካርቶንስ? የሚያጫውተው ቴፕ ከተሰበረ ቆይቷል። «ይሄ ምን ያደርጋል?» ይባላል።

እዚያ ካርቶን ውስጥ ያለው የዘፈን ቅጂ ብቻ አይደለም። ከዘፈን መሐል የተቀዳ የሰርግ ድምፅ አለ። ውጭ አገር ለሄደ ልጅ እናቱ የተናገረችው፣ ሳይላክ የቀረ መልእክት አለ። በካሴቱ ወረቀት ላይ በእስኪርቢቶ የተጻፈ የዘፈን ዝርዝርና፣ ከዝርዝሩ ግርጌ የአንዲት ልጅ ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ። የዚያ ትውልድ መፈክር በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል፤ ይህኛው ግን የተቀመጠው ካርቶን ውስጥ ብቻ ነው። የካሴት ክር ደግሞ ዘላለም አይቆይም፤ ማግኔቱ ይደክማል፤ ሙጫው ይለቃል፤ እርጥበት ይገባዋል።

ስለዚህ የቤቱ ታላቅ የሆናችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ካርቶኑን አትጣሉት። የሚሠራ ቴፕ ካለው ሰው ተዋሱና ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ካሴቱ የማን እንደነበረ፣ የት ሠፈር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀዳ በወረቀት ጻፉበት። ታናናሾች ደግሞ ጠይቁ፤ «አባባ፣ ይህንን ለማን ነበር የቀዳኸው?» በሉ። ምናልባት ይስቃል። ምናልባት እናታችሁ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ምናልባትም የተቀዳው ለእሷ አልነበረም፤ ያኔ ጨዋታው ይደምቃል።